ከጣሳው የወጣው አላድ

«መርጣችሁ ውሰዱ እንጂ አታማስሉት! ወጥ መሰላችሁ እንዴ?» አለ ዘሩ።

ሠርክአዲስ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ትልቁ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከታ ነበር። ዘሩ በቡሬ ገበያ ሸራ አንጥፎ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። የማይረባውን ሁሉ የሚጥለው እዚህ ጣሳ ውስጥ ነው፤ የጣሊያን ሳንቲም፣ የንጉሡ ዘመን መዳብ፣ ጥርሱ የረገፈ ቁልፍ፣ ብቻውን የቀረ አዝራር፣ አንዱ በሃያ ብር። ደህና ደህናውን ግን አስቀድሞ ይለያል። ትልልቁ ጠገራ ብርና የብር መስቀሉ ያለው መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ወደ ሣጥኑ ጠጋ ለማለት የሚገዛ ሰው መምሰል ያስፈልጋል፤ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ የሚገዙ አይመስሉም።

«ኧረ ነይ እንሂድ፣ ደበረኝ» አለች ቤቴል። ቤቴልና ሠርክአዲስ ከየገጠራቸው መጥተው ቡሬ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተዋል። አንድ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ፣ ከአንድ ሰሃን ይበላሉ፣ በፈተና ሰሞን ደግሞ በአንድ አምፖል ይጨቃጨቃሉ።

«አንድ ደቂቃ» አለች ሠርክአዲስ።

ከጣሳው ሥር ያወጣችው ነገር ጥቀርሻ የጠጣ፣ ከሰል የመሰለ ክብ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ይጥለው ነበር። እሷ ግን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ በጥፍሯ መታ አደረገችው። መዳብ ሲመታ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ይኼኛው ዝም አላለም፤ ቀጭን ድምፁ ጥቂት ቆየ። አላድ ነው፤ የድሮው ጠገራ ብር ግማሽ። እንዲህ ያለውን ባሕር ዳር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ የሚከፍሉት ገንዘብ የክፍላቸውን ኪራይ ለብዙ ወር ይችላል።

ፊቷ እንዳያስታውቅባት እየጣረች ሃያ ብር ዘረጋች። ዘሩ ከሌላ ደንበኛ ጋር እየተከራከረ ስለነበር ብሩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። የገዛችውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

ጥቂት እንደራቁ አላስችል አላትና «ቤቲ፣ ብር ነው» ብላ አንሾካሾከች።

«ብር? የምር ብር?!» ጮኸች ቤቴል። ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረባትም።

ገንዘብ ሲጠራ የማይሰማ ነጋዴ የለም። ዘሩ ሸራውን ዘልሎ መጣና የሠርክአዲስን እጅ አንጓዋ ላይ ጨምድዶ ያዘ። አላዱን መዳፏ ላይ እንዳለ በምራቁ አርሶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ከጥቁሩ ሥር ነጭ መስመር ብቅ አለ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይኼ ተሣጥኔ የወጣ ነው!»

«ከጣሳው ነው የገዛሁት ጋሼ። ሃያ ብር ተቀብለውኛል።»

«የተቀበልሁሽ ለመዳብ ነው! እኔ እዚህ ሸራ ላይ ሸምግያለሁ። እኔ ያላወቅሁትን አንቺ፣ ትናንት ጡት የጣልሽ፣ በምን አወቅሽው? እ? ተሣጥኑ ሰርቀሽ ነው እንጂ! ሌባ!»

ሌባ የምትል ቃል ገበያ ላይ ከቅናሽ ይልቅ ሰው ትሰበስባለች። በርበሬ ሻጩ ሚዛኑን ጥሎ መጣ። ሕፃን ያዘለች ሴት ተጋፍታ ፊት ለፊት ቆመች። ከጀርባ አንዱ «የዛሬ ልጆች!» ብሎ ተራገመ፤ ምን እንደተፈጠረ ግን ገና አልጠየቀም።

ሠርክአዲስን ያስፈራት ጩኸቱ አልነበረም። ያስፈራት ጥያቄው ነው። በምን አወቅሽው?

ያወቀችው ከአያቷ ነው። ቂርቆስ የሚባሉት አያቷ ሰከላ ውስጥ ብር የሚያቀልጡ አንጥረኛ ናቸው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወናፍ እየነፋች ፍማቸውን ታቀጣጥልላቸው ነበር። የሠሩትን መስቀል አገሩ ሁሉ አንገቱ ላይ ያስራል፤ እሳቸው በጠጡበት ጣሳ ግን ውኃ የሚጠጣ የለም። ባለእጅ ናቸዋ! ባለእጅ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል፤ ሰው በዓይኑ ይበላል ይባላል። ስድስተኛ ክፍል እያለች አንዲት ልጅ ሆዷን ሲያማት «ምሳዬን ስበላ ያየችኝ ሠርክአዲስ ናት» አለች። ከዚያ በኋላ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። እናቷ ቅርብ ያለውን ትምህርት ቤት አሳልፈው ቡሬ የላኳት ለዚህ ነው። «ማን እንደሆንሽ በማያውቁበት ተማሪ» ነበር ያሏት።

ቡሬ ላይ ለጠየቃት ሁሉ «አባቴ ገበሬ ነው» ትላለች። ውሸት አይደለም፤ አባቷ ያርሳል። ባለፈው ወር ቤቴል ራሷን ሲያማት «ያቺ ጎረቤታችን ስበላ አይታኛለች፣ ቡዳ ሳትሆን አትቀርም» ብላ ስቃ ነበር። ሠርክአዲስም አብራት ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍራታል።

«ቴሌግራም ላይ አይታው ነው!» አለች ቤቴል ድንገት።

«በየትኛው ስልኳ? አሳዪኝ እስቲ!» አለ ዘሩ። ሁለቱም ስልክ የላቸውም።

ዘሩ እንዳሸነፈ ሲያውቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ። ልጅ ነሽ፣ ምሬሻለሁ። እዚህ አስቀምጪና ሂጂ። እንቢ ካልሽ ግን ሰኞ ትምህርት ቤትሽ መጥቼ በሰልፍ ላይ ሌባ ነሽ ብዬ አስነግራለሁ።»

«በናትሽ ስጪውና እንሂድ» አለች ቤቴል እጅጌዋን እየጎተተች።

ከሰጠችው ሌባ መሆኗን አመነች ማለት ነው። ካልሰጠችው ደግሞ በምን እንዳወቀች መናገር አለባት። ሠርክአዲስ ዘሩን ጠላችው፣ አፉን ከፍቶ የሚያያትን ሰው ሁሉ ጠላች፣ እጅጌዋን የምትጎትተውን ቤቴልንም ለአፍታ ጠላቻት።

«ብር ይጠቁራል እንጂ አይዝግም» አለች። «በጥፍር ሲመታ ደግሞ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም። አያቴ ናቸው ያስተማሩኝ።»

«ማናቸው ደግሞ አያትሽ?»

«ቂርቆስ። የሰከላው አንጥረኛ። ሣጥንዎ ውስጥ ካሉት መስቀሎች ሁለቱ የእሳቸው እጅ ሥራ ናቸው፤ ገና ስመጣ አውቄያቸዋለሁ።»

ዘሩ ስሙን ያውቀዋል። ፍም እንደነካ ሰው እጇን ለቀቀና ወደ ኋላ አለ። ሕፃን ያዘለችው ሴት ነጠላዋን ስባ የልጇን ፊት ሸፈነች። «በስመ አብ!» አለ አንዱ። «እኔስ ዓይኗን ሳየው ጠርጥሬ ነበር» አለ በርበሬ ሻጩ፤ ዓይኗን ያየው ግን ገና አሁን ነው።

«ውሰጂው!» አለ ዘሩ። ሃያ ብሩን ከኪሱ አውጥቶ እግሯ ሥር ወረወረላት። «ይኸንንም ውሰጂ! ተኔ ራቂ ብቻ!»

አሁን አላዱን ከእጇ የሚቀበላት ሰው አልነበረም። ሠርክአዲስ ጎንበስ ብላ ብሩን አነሳችና ሸራው ላይ አስቀመጠችው።

«ገዝቼዋለሁ» አለች።

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ እንዳትነካው ነው። አላዱ እጇ ላይ የቀረው ስለፈሯት እንጂ ስላመኗት አልነበረም። ሌባ ከመባሏ ይልቅ ይኼ አንገበገባት። ማልቀስ አማራት፤ ግን እዚያ ሰው ፊት እንባዋን ማውጣት አልፈለገችም።

ቤቴል ፊት ፊት ትሄድ ነበር። ሽንኩርት ተራ ሲደርሱ የክፍላቸው ልጅ ናሁሰናይ እየሮጠ ደረሰባቸው። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ገበያውን ዞሯል።

«እውነት ነው እንዴ የሚሉት?» አለ እያለከለከ። የጠየቀው ቤቴልን ነው፤ ሠርክአዲስን ቀጥ ብሎ አላያትም።

ቤቴል ቆመች። ከዚያ ድንገት ሳቀች፤ ሳቋ ከመጠን በላይ ጮኸ።

«የምን እውነት! ፎገረችው እኮ! ሰውዬው አለቅ ሲላት በድንጋጤ እንዲለቃት ብላ ነው። ፊቱን ብታየው! አይደል ሠርኬ? ልጅቷ እኮ ቀላል አይደለችም!»

ናሁሰናይ ለመሳቅ ጥርሱን ገለጥ አድርጎ ጠበቀ። ቤቴል ሠርክአዲስን በዓይኗ ለመነቻት። አዎ በይ፣ ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም። ጥሩ ውሸት ነበር። ሰኞ ክፍሉ በሙሉ በዘሩ ይስቃል፣ ሠርክአዲስ ጀግና ትባላለች፣ ቤታቸውም እንደነበረ ይቀጥላል። ሠርክአዲስ ይህን ሁሉ ፈለገችው። በጣም ፈለገችው። አንገቷ ወደ ታች መነቅነቅ ጀምሮ ነበር።

ፍም አጠገብ ጎንበስ ብለው የሚውሉት አያቷ ታዩአት። ባለፈው ወር በጎረቤቷ ላይ የሳቀችው ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣ።

«አልፎገርኩትም» አለች። «ቂርቆስ አያቴ ናቸው። እኔም ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግሁት።»

የናሁሰናይ ጥርስ ተከደነ። የቤቴል እግር ወደ ኋላ አለ፤ ግማሽ እርምጃ ቢሆን ነው። ምናልባት ራሷም አላወቀችው ይሆናል። ሠርክአዲስ ግን አየችው።

«ምነው ዝም ብትይ?» አለች ቤቴል በሹክሹክታ። «ምነው አዎ ብትይ? እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ሠርክአዲስ። ቤቴል እውነቷን እንደሆነ ታውቃለች፤ የከበዳትም ለዚህ ነው። «ዛሬ ራት የመሥራት ተራው የኔ ነው። ለሁለት ልሥራ ወይስ ለአንድ?»

ቤቴል ናሁሰናይን አየችው። ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረች።

ሠርክአዲስ ታግሳ ጠበቀቻት። መልስ አልመጣም። ከዚያ ሽንኩርት ወደምትሸጠው አሮጊት ዞረች።

«እማማ» አለች፣ «ለአንድ ሰው የሚበቃ ይመዝኑልኝ።»