ጠባሳውን አትንኪው

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ...

2008 ዓ.ም.፣ ጥር ወር፣ ቡራዩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ አልነበረም፤ ፀሐዩ ጠራራ ነበር።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ምክንያት ከተማው ጭር ብሏል። ሱቁ ዝግ፣ ታክሲ የለም። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ዳኜ ቁልፉን ትቶልኝ አዲስ አበባ ገብቶ ቀረ። እኔ የምኖረው ከስቱዲዮው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ መሄጃ የለኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬ አልጮኸም። ብቸኝነቱ ሊያሳብደኝ ደርሶ ነበር።

ሥራዬ በፎቶሾፕ ፊት ማሳመር ነው። ብጉር አጠፋለሁ፣ የተጨማደደ አለሰልሳለሁ፣ የደበዘዘ አፈካለሁ። "ሩሃማ የነካችው ቆዳ የሕፃን ይሆናል" ይሉኛል። እኔም እኮራ ነበር።

ሰኞ ዕለት እማማ ብዙነሽ የልጃቸውን የዘርሁንን ጉርድ ፎቶ ይዘው መጡ። ተቃውሞው ቡራዩ የገባ ቀን ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። "አፋልጉኝ" ብዬ እንዳትምላቸው ፈለጉ።

"ጉንጩ ላይ ያለውን ጠባሳ አትንኪው፣ ማሎ። ሰው የሚለየው በሱ ነው።"

"እሺ እማማ።"

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ... እጄ በልማዱ ሄደ። ልብ ስል ፊቱ እንደ እንቁላል ለስልሷል። ጠባሳው የለም።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ደንግጬ፣ የግራ ጆሮውን ሥር ሳልጨርስ፣ በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግሁ። መብራቱ ሳይሄድ ልድረስ ብዬ ያንኑ ሃያ አተምኩ። እማማ ሳያዩት አጥፈው ወሰዱት። ፊቱን ለማየት አቅም አልነበራቸውም።

ረቡዕ፣ በዚያች ስምንት ሰዓት፣ አንድ ወጣት ገባ።

ሸሚዙ የተቀደደ። አንገቱ በላብ የራሰ...

ፊቱ ግን ደረቅ ነው።

ፂም የለውም። ሽፋሽፍቱ ሥር መስመር የለውም። ሲናገር ጉንጩ አይጨማደድም። ዝንብ አርፋበት ተንሸራተተች።

ከግራ ጆሮው ሥር ብቻ... ጣት የምታህል የሰው ቆዳ ነበረች።

የራሴን ሥራ አወቅሁት።

"መልሽልኝ" አለ በሹክሹክታ።

"ም... ምኑን?"

"ፊቴን። ትናንት በራችን ላይ ቆሜ ሳለሁ እናቴ ወጣች። 'የማንን ቤት ፈልገህ ነው?' አለችኝ... 'ቤት ጠፋብኝ' አልኳት።"

ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋሁ። ወደኋላ ልመልስ ብል አይመለስም።

በሩ ተከፈተ። እማማ ብዙነሽ ናቸው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩ።

"ይሄ ልጄ አይደለም! ጠባሳው የታለ?"

"ይቅር ይበሉኝ እማማ... አሁኑኑ..."

ጉርዱን ተቀብዬ እንደገና ስካን አደረግሁ። አንዲት ነጥብ አልነካሁም። ወረቀቱ ከነጠባሳው ሲወጣ በተስፋ ዞሬ ወጣቱን አየሁት።

ፊቱ ያው ነው።

እማማ ወደሱ ዞሩ። "አንተ ትናንት ቤት የጠፋብህ ልጅ አይደለህ? እስቲ እየው... ይሄን ልጅ አይተኸዋል?"

አላስቻለኝም። "እማማ... እሱ እኮ ነው። ዘርሁን ነው።"

አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"በሐዘኔ አትቀልጂ፣ ልጄ።"

ወጣቱ ከነጠባሳው የታተሙትን ወረቀቶች ቀስ ብሎ አነሳ።

"አላየሁትም፣ እናቴ" አለ። "ግን በመለጠፉ ላግዝዎት።"

ተያይዘው ወጡ። ልከተላቸው ፈለግሁ... አልተከተልኳቸውም። እስከ ዛሬ በዚህ አፍራለሁ።

በመስኮት አየኋቸው። ከዳር እስከ ዳር ባዶ በሆነው መንገድ ላይ ሁለቱ ብቻ። እሱ ወረቀቱን ከመብራት ምሰሶው ጋር አጣብቆ ይይዛል። እሳቸው እንዳይነሳ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጉንጭ በመዳፋቸው ያሻሉ... ቀስ... ቀስ...

መዳፋቸው ባለፈ ቁጥር እሱ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።