ማኅተሙ ሳይሰበር

አባ ኤርሜቴ የሞቱት «ተአምር!» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሳይሉ ነው። በሁለተኛው ላይ ሳል ያዛቸው፤ የመሠዊያውን ልብስ እንደ ጨበጡ ወደቁ። ዶክተር ላምቤርቶ ሕዝቡን እየገፋ እስኪደርስ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

በሞንቴራሶ፣ በቅድስት ዶሪና በዓል፣ ከመቃብሯ ሥር ያለው የድንጋይ ገንዳ በራሱ ውሃ ይሞላል። አባ ኤርሜቴ ቀድመው ይጠጡና ሦስት ጊዜ «ተአምር!» ይላሉ፤ ሕሙማኑ በተራ ይከተላሉ። ዘንድሮ ግን ጳጳሱ «ይመርመር» ብለው እማሆይ ኦርቴንሲያን ላኩ። መነኩሲቷ ከመመንኮሳቸው በፊት ሃያ ዓመት መድኃኒት ቤት የሠሩ፣ በየከተማው የስንቱን ሐውልት የሐሰት እንባ ያደረቁ ሴት ናቸው። በዋዜማው ገንዳው ደረቅ መሆኑን በእጃቸው ዳስሰው፣ የብረት ክዳኑን ገጥመው በሰም አተሙት። ጠዋት ማኅተሙን በሕዝብ ፊት ራሳቸው ፈቱት። ገንዳው ሞልቶ ነበር።

አሁን ወደ ውሃው ጠጋ ብለው አሸተቱና ፊታቸውን መለሱ። የብርቱካን ተባይ የሚፈጁበት መርዝ ነው። በዚያ አገር የማይገኝበት ጎተራ የለም።

ውጭ ሕዝቡ «ቅድስቲቱ ፈረደች!» እያለ ይጮሃል።

መጀመሪያ ዶክተሩን ጠሩ።

«አባን ይጠሏቸው ነበር ይባላል።»

«ይባላል? እኔው ነኝ ያስወራሁት! የገበዙን የኑንዚዮን ልጅ፣ ሮዛልባን፣ ማን ገደላት? ስኳር ነበረባት፤ በየቀኑ መርፌ እወጋት ነበር። ይህ ሰውዬ ‹ውሃውን ከጠጣሽ በኋላ መርፌ መውጋት ቅድስቲቱን መጠራጠር ነው› አላት። በሳምንቱ ቀበርናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።»

«አባቷስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ይኸው ሁለት ዓመት የገዳይዋን ካባ ያጥፋል። እኔ ብሆን...»

«እርስዎ ቢሆኑ?»

«በመርዝ ሳይሆን በጥፊ እጀምር ነበር፣ እማሆይ።»

የሟች እህት ፊሎሜና አላለቀሰችም። ዓይኗ የሚነክሰውን ይፈልጋል።

«ገዳዩን ብቻ ስጡኝ። ሌላ ጸሎት የለኝም።»

«ወንድምሽ ሲወድቁ ምን አየሽ?»

«ጠጥቶ ጽዋውን ለካርሜላ ሲዘረጋላት ኑንዚዮ መሃል ገብቶ ነጠቀው። ከዚያ ወንድሜ ማሳል ጀመረ።»

«ከዚያ ነው ወይስ ከዚያ በፊት?»

«ከዚያ ነው እንጂ! ነጠቀ፣ ከዚያ አሳለ። ምነው?»

«ምንም።»

ልብስ አጣቢዋ ካርሜላ እግሯን እየጎተተች ገባች። ተቀይማለች። «እጄን ገፍቶ መሬት ደፋው! ይህን ጉልበት ሊያድንልኝ የነበረውን ውሃ! አባ ደህና ቆመው እያዩት እኮ ነው።»

እማሆይ ከመቃብሩ ጀርባ ወዳለው የዕቃ ቤት አለፉ። ቁምሳጥኑ ወለሉን ፈግፍጎታል። ገፉት። ከኋላው ግድግዳው ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ከንፈሯ ገና እርጥብ ነው። ዙሪያው በኖራ ተቀብቷል፤ ቀለሙ አዲስ ነው።

«ይህን ክፍል ማን ቀባው?» ሲሉ ፊሎሜናን ጠየቋት።

«ኑንዚዮ ነዋ፣ ለፋሲካ። ወንድሜ ስብከት ሄዶ ሳለ። እሱ ቢኖር ቁምሳጥኑን ማን ያስነካዋል...» አለችና አፏን በመዳፏ ያዘች።

እኩለ ቀን ላይ እማሆይ ሁሉንም እዚያው ሰበሰቧቸው። የፖሊስ አዛዡ በሩ ላይ ቆመ።

«እውነተኛ ተአምር የሰው እጅ የማይደርስበት፣ ፍሬውም መልካም የሆነ የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አሉ። «የእኛው ግን በዚህች ቀዳዳ ነው የሚፈሰው። አባ ኤርሜቴ በየዓመቱ ጎህ ሲቀድ ውሃ ያፈሱባታል። ዛሬም አፍስሰዋል። ከእሳቸው በኋላ ሌላ እጅ መርዝ ጨመረ። ማኅተሜን መስበር አላስፈለገውም። እንግዲህ ገዳዩ ቀዳዳዋን የሚያውቅ ነው፤ ዶክተሩ ግን ቢያውቋት ኖሮ በአደባባይ ባወጧት ነበር።»

«ባወጣኋት!» አለ ዶክተሩ።

«ፊሎሜና ታውቃለች። ቁምሳጥኑን አንስቶ የቀባውም ያውቃል። ከሁለቱ ግን አባ ሳይስሉ በፊት ውሃው መርዝ መሆኑን የሚያውቀው አንድ ነው። ካርሜላ እንዳትሞት ጽዋውን የነጠቀው።»

ኑንዚዮ አልካደም። ቁመቱ የጨመረ መሰለ።

«ልጄ ልትሞት ስትል ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? ‹አባዬ፣ እምነቴ አንሶ ነው፤ ይቅር በለኝ› አለችኝ። ይቅርታ ጠይቃ ሞተች! ያንን ቀዳዳ ያየሁ ዕለት ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ከፋሲካ እስከ ዛሬ ካባውን ሳለብሰው አንገቱን በዓይኔ እለካ ነበር። ‹የሚገድል ነገር ቢጠጡ አይጎዳቸውም› ተብሎ ተጽፎ የለ? ይኸው ጠጣ።»

«ፈተንከው ማለት ነው?»

«አይደለም እማሆይ። እንደሚሞት አውቄ ነው ያጠጣሁት። ዛሬም ቢነሣ ደግሜ አጠጣዋለሁ።»

ፊሎሜና ፊቱን ልትቧጭር ዘለለች፤ አዛዡ ያዛት።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምን» አለ ኑንዚዮ። «እዚያ ውጭ ቅድስቲቱ ገደለችው እያሉ ነው። ውሸቱ ከእሱ ጋር ይቀበር። እኔው ልንገራቸው።»

አወጡት። ደረጃው ላይ ቆሞ የታሰሩ እጆቹን አነሣና በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«ስሙኝ! ቅድስቲቱ አይደለችም! ውሃውን የሚያፈሰው እሱ ነበር፣ መርዙን የጨመርኩት እኔ ነኝ! በገዛ እጄ!»

ካርሜላ እያነከሰች ደረጃውን ወጣች። ተንበረከከችና የታሰሩትን እጆቹን ሳመች።

«አይ ኑንዚዮ፣ አንተ ምን ታውቃለህ» አለችው። «ቅድስቲቱ ለፍርዷ ያንተን እጅ መርጣ ነዋ።»

ከኋላዋ ሌላዋ ተንበረከከች፤ ከዚያ ሌላው። ኑንዚዮ «ተነሡ! ተነሡ እንጂ!» እያለ ማልቀስ ጀመረ።