ናርዶስ እና ጫማ ያደረገችው ዶሮ

ቀረብ በሉ ልጆች፤ የናርዶስን ነገር ላጫውታችሁ።

ናርዶስ አምስት ዓመቷ ነው። ሁሉን ነገር ትጠይቃለች። ሲነግሯት ደግሞ «ከዚያስ?» ትላለች።

ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ወይንሸት ይኖራሉ። ብቻቸውን ናቸው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይሰማል።

«እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«እሳቸው እኮ የልጆች መጽሐፍ ይጽፋሉ። መድረክ ላይ ወጥተውም ግጥም ያነባሉ» አለች እናቷ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይቺን ዳቦ አድርሺላቸውና ራስሽ ጠይቂያቸው!»

ቋ! ቋ! ናርዶስ በሩን መታች።

«ግቢ፣ የኔ እመቤት!» አሉ እትዬ ወይንሸት።

ገባች። ወለሉ ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል! ቡትስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጓደኛው የጠፋበት አንድ ሸራ ጫማ።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ጫማ ምን ያደርጋል?»

«ያዳምጠኛል። ነገ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ብዙ ልጆች ይጠብቁኛል። ዛሬ በጫማ እለማመዳለሁ።»

«ጫማ ይስቃል እንዴ?»

እትዬ ወይንሸት ተከዙ። «አይስቅም። ግጥሜ አንድ ነገር ጎድሎታል። ምን እንደሆነ ግን ጫማዎቹ አልነገሩኝም።»

ናርዶስ ከቡትሱና ከሸራው መሃል ቁጭ አለች። «በሉ ለእኔ ያንብቡልኝ!»

እትዬ ወይንሸት ተነሡ። እግራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ዶሮ ጫማ አደረገች፣
ኳ! ኳ! ኳ! ብላ ሄደች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… አለቀ።»

«አለቀ? ዶሮ እኮ በእግሯ ነው የምትጭረው! በጫማ እንዴት ትጭራለች?»

የእትዬ ወይንሸት ዓይን ፈጠጠ። እስክሪብቶ ፈለጉ። ጠረጴዛው ላይ የለም። አልጋው ላይ የለም። ቡትሱ ውስጥ ነበር!

ጫር! ጫር! ጫር! ጻፉ።

«ምን ጻፉ?»

«ነገ ትሰሚያለሽ።»

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱ በልጆች ሞላ፤ ናርዶስም ከፊት ተቀመጠች። እትዬ ወይንሸት መድረኩ ላይ ቆሙ።

«ዶሮ ጫማ አደረገች፣
ኳ! ኳ! ኳ! ብላ ሄደች።»

ከዚያ አዲሱ ግጥም ጠፋባቸው! ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ።

ናርዶስ ብድግ ብላ ጮኸች፦ «ከዚያስ?»

ልጆቹም ሁሉ «ከዚያስ? ከዚያስ?» አሉ።

እትዬ ወይንሸት ናርዶስን አዩና ፈገግ አሉ። ግጥሙ ትዝ አላቸው።

«ጥሬ ልትጭር ተነሣች፣
ዱብ! በመንቆሯ ወደቀች!»

ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጫማ እንደዚያ አይስቅም!

ማታ ናርዶስ ጫማዎቿን ከአልጋዋ አጠገብ ደረደረች። ግጥሙንም በቃሏ አለችላቸው።

«እማዬ፣ አልሳቁም።»

«እኔ ሳቅሁልሽ አይደል? በይ አሁን ጸሎታችንን እናድርስ።»

ስለ ቀኑ ተመስገን አሉ። ለእትዬ ወይንሸት ጸለዩ። ናርዶስ ጫማ ላደረገችው ዶሮም ጸሎት ጨመረችላት።

እናቷ መብራቱን አጠፋች። ከብርድ ልብሱ ሥር ትንሽ ድምፅ መጣ።

«እማዬ… ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዶሮዋ ጫማዋን አወለቀችና፣ እናቷ ክንፍ ሥር ገብታ ተኛች።»

ናርዶስ ምንም አልጠየቀችም። እሷም ተኝታ ነበር።