ቆርጬ የጣልኩት ትንፋሽ

ባሌን መጀመሪያ ያየሁት ስልሳ ሰው ፊት ካዋረድኩት በኋላ ነው።

እኔ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ ነኝ። ጆሮዬ ጥሩ ነው፤ ምላሴ ግን ከጆሮዬ ይፈጥናል። ያን ቀን በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ሦስት የቪዮላ ኮንቸርቶዎችን ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ልንቀዳ ተሰብስበናል። ቪዮላን ታውቁታላችሁ አይደል? ቫዮሊን የሚመስለው፣ ግን ተለቅ ያለውና ድምፁ ጎርነን የሚለው፣ ብዙ ሰው ዞር ብሎ የማያየው። መስታወት ባለው ክፍሌ ተቀምጬ በማዳመጫ እሰማለሁ። ሙዚቃው ሊጀምር ሲል «ህህህ...»፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ህህህ...»። ደሜ ፈላ! የአዳራሹን ስፒከር ከፈትኩና፣

«እባካችሁ፣ ማነው እዚያ ወናፍ የሚነፋው?» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የኦርኬስትራው መሪ ሳይቀር ሳቀ። ከመሃል አንድ ረዘም ያለ ሰው ደጋኑን ቀስ ብሎ አነሳ። ዋናው የቪዮላ ተጫዋች ራሱ!

«እኔ ነኝ» አለ። «ትንፋሼ ነው። ይቅርታ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለእረፍት እንደተነሱ ሮጬ ሄድኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላስበው አመለጠኝ።»

«መጀመሪያ አንተ በይኝ» አለ። «ሲቀጥል ደግሞ፣ ወናፍ እኮ ብረት ያቀልጣል። አልከፋኝም።»

ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። እኔም አብሬያቸው ጠፋሁ።

ቀረጻው አራት ቀን ፈጀ። በየእረፍቱ በሬ ላይ ቆሞ «ወናፉ ሻይ ይጋብዝሽ?» ይለኛል። እኔም ሥራ እንደበዛበት ሰው ትንሽ እግደረደርና እከተለዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ግን ቀልዱን ተወት አድርጎ፣

«ሲያልቅ እናቴን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። «አልበሙ ለእሷ ነው። እሷ ካልወደደችው ይውጣ ብዬ አልፈርምም።»

እና እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ልክሰው አሰብኩ። በእኛ ሙያ ኩራት ማለት የጠራ ቀረጻ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክዬ እያንዳንዱን ትንፋሽ ቆርጬ አወጣሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት! ማንም ዳግመኛ እንዳይስቅበት። ስጦታዬ ነበር።

እናትየው ከእሱ ጋር መጡ። ማዳመጫውን አድርገው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ሰሙ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ቀና አሉ።

«ያምራል። ግን... ማነው የተጫወተው?»

«እኔ ነኛ፣ እማዬ!»

«አይ፣ አንተን አጣሁህ። ትንፋሽህ የታለ?»

ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቆረጥሽው?»

«ደስ እንዲልህ ብዬ ነው... ሁለት ሳምንት ሙሉ...»

«ያን ቀን ቀልድ ነው ብዬ ስቄ አልፌ ነበር። ለካ የምርሽን አፍረሽብኛል!»

ጥሎኝ ወጣ። እናቱ በሩ ላይ ሲደርሱ ተመለሱና እጄን ያዙኝ።

«በልጅነቱ ሳንባውን ታሞ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን ስቆጥር ከረምኩ፣ ልጄ። አንቺ ይሄን ከየት ታውቂዋለሽ?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ብደውል አያነሳም። እስከ ዓርብ ካልፈረመ አልበሙ እንደሚቀር አሳታሚዎቹ ነግረውኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የጨነቀኝ አልበሙ አልነበረም። እሱን ማጣቴ ነው።

ያልተቆረጠው ዋናው ቅጂ በእጄ ነበር። ግን ሥራው ደጋግመን ከቀዳነው ውስጥ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ የተቀጣጠለ ስለሆነ ትንፋሹን አንድ በአንድ ፈልጌ ወደ ቦታው መመለስ ነበረብኝ። ያኔ ነው በትክክል የሰማሁት። ለፈጣኑ ሙዚቃ ቶሎ ይስባል፤ ለሐዘኑ ረጅም ይወስዳል። የሦስተኛው ኮንቸርቶ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኮሽታ ነው ብዬ የጣልኩት ነገር አገኘሁ። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ተመስገን።»

ወደ ሁለተኛው ሮጥኩ። «ተመስገን።» የመጀመሪያውም ላይ አለ! ደጋኑን ክሩ ላይ ከማሳረፉ በፊት፣ ለራሱ ብቻ፣ በሹክሹክታ። የሰው ምስጋና ነው እንደ ቆሻሻ ጠርጌ ያወጣሁት። እዚያው ወንበሬ ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ ከፈቱልኝ። እሱ መስኮቱ ሥር ቪዮላውን ይወለውላል፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ለእማማ ነው ያመጣሁት» አልኩና ያስተካከልኩትን ቅጂ ቤታቸው ባለው ቴፕ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ሹክሹክታው ተሰማ። ከዚያ ትንፋሹ። እናቱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ይኸው! ልጄ ይኸው መጣ!»

የእሱ እጅ ቪዮላው ላይ ቀረ።

«ይሄንንም... አገኘሽው?» አለኝ።

«አገኘሁት። አፍሬብህ አይደለም። ወድጄህ ነው... አወዳደዱን አላወቅኩበትም እንጂ።»

ዓይኑን ወደ ቪዮላው መለሰ። እናቱ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ! ልጅቷን ቁጭ በይ በላት እንጂ!»

አልበሙ ይውጣ የሚለውን ወረቀት ተቀበለኝና ፈረመ። ከዚያ እስክሪብቶውን ሳይመልስልኝ፣

«ቀጣዩን አልበም ማን ይቀዳልኛል?» አለ።

«እኔ።»

«ከዚያ ቀጥሎ ያለውንስ?»

«እኔ።»

«ከዚያስ?»

«እስከ መቼ ልትጠይቀኝ ነው?»

«እስክታረጂ» አለኝ።

አልበሙ ሲወጣ አንድ ሃያሲ «ትንፋሹ ይረብሻል፤ የቀረጻ ባለሙያዋ ዝርክርክ ናት» ብሎ ጻፈብኝ። እንደዚያ የኮራሁበት ስድብ የለም።

ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው። ለብዙ ነገር አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ለእማማ። እሳቸው ያን ቀን በይሉኝታ «ያምራል» ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ዛሬ የጠራ ቀረጻ እንጂ ባል አይኖረኝም ነበር።