ጀርባውን ለባሕር የሰጠው ወንበር

ኬልቪን የሟች ሚስቱን ወንበር ያዞረው አንድ እሑድ ጠዋት፣ እኔ ሱቄ ውስጥ የመጥበሻ ዘይቴን ሳሞቅ ነው። መፍቻውን ይዞ መጣ፤ ብሎኖቹን ፈታ፤ እያለከለከ አዞረውና መልሶ አሰረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለኖሪን መታሰቢያ የቆመው አግዳሚ ወንበር ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ የኔን ዓሣና ቺፕስ ቤት ያይ ጀመር።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። «ምን እያደረግህ ነው አንተ ሰው?»

«ባሕሩ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተክሉ ነው አይደል? ኖሪን እሱን ስታይ አትኖርም።»

«እና የኔን የቆሻሻ ገንዳ ታይ?»

«ገንዳሽ ቢያንስ አይሽከረከርም» ብሎኝ ሄደ።

ሳቄን አፍኜ ቀረሁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ኬልቪን የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። እሱ እሺ ካላለ ማኅበሩ እሺ አይልም፤ ማኅበሩ እምቢ ካለ ደግሞ የነፋስ ማመንጫው ጀልባዎችና ሠራተኞች ወደባችንን ትተው ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። በዚህ የተነሳ ጊፕስላንድ የሚባለው የኛ ጠረፍ ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እግር ኳስ ሜዳው ዳር ቋሊማ ሲጠበስ እንኳ ደጋፊው በአንድ በኩል፣ ተቃዋሚው በሌላ በኩል ይቆማል። የሰናፍጩ ጠርሙስ አንድ ብቻ ስለሆነ ግን መነጋገራቸው አልቀረም።

ሩበን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከጠረፉ ወዲያ ባለው ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው፣ ሊዘጋ የተቃረበው የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አባቱም አያቱም እዚያው ሠርተዋል። ስለ ነፋስ ማመንጫው በከተማው አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ ላይ ሊገኝ መጥቶ፣ ቺፕሱን ከኔ ገዝቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ደረቱ ላይ «ነፋሱን እንደግፋለን» የሚል ምልክት ለጥፏል።

የኬልቪን ልጅ ማርኒ የምትነዳውን የተማሪዎች አውቶቡስ አቁማ ወደ ወንበሩ መጣች። የእናቷን ስም የያዘውን የነሐስ ጽሑፍ ሁልጊዜ በእጅጌዋ ጠረግ ታደርገዋለች።

«ይቅርታ» አላት ሩበን፣ «ይሄ ወንበር ከባሕሩ ጋር ተኳርፎ ነው?»

«ወንበሩ አይደለም ያኮረፈው፤ አባቴ ነው።»

«ማንን?»

ደረቱ ላይ የለጠፈውን አየት አደረገችና «አንተን» አለችው።

ሩበን ምልክቱን በእጁ ሸፈን አደረገው። እሷም ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አልቻለችም። ዓይን ለዓይን ተያይተው ቀሩ፤ አንዲት የባሕር ወፍ ከእጁ ላይ ቺፕሱን ስትሞጨልፈው ሁለቱም አላዩም። እኔ ግን በመስኮቴ ሁሉንም አይቻለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለስብሰባ መጣ። ስብሰባ በሌለበት ሐሙስም መጣ።

«ማመንጫው ሲዘጋ ምን ልትሆን ነው?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

«ወይ እዚህ ባሕር ላይ፣ ወይ ከአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ምዕራብ ያለ ማዕድን ማውጫ። ምዕራቦቹ ና ብለውኛል።»

«ሩቅ ነው።»

«ከወር በፊት ብትጠይቂኝ ሩቅ አይደለም እልሽ ነበር።»

ማርኒ ፊቷ ቀላ፤ ቺፕሱን አንስታ የሱን ይሁን የሷን ሳታውቅ በላች።

ኬልቪን የደረሰባቸው በዚህ መሀል ነው። ሩበንን ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ ጥያቄውን ጀመረ።

«የነፋስ ማማዎቹ መሀል መረብ መጣል ይቻላል?»

«አላውቅም።»

«ከታች የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ገመድ ዓሣውን ያሸሻል?»

«እሱንም አላውቅም። አብረን ሄደን እንጠይቃቸው። እርስዎ ካልጠየቁ ማን ይጠይቃል?»

«አላውቅም የሚል ደጋፊ ገና ዛሬ አየሁ» አለ ኬልቪን፤ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ከዚያ የሩበንን እጅ ማርኒ እጅ ላይ አየና ፊቱ ተለወጠ። «በል ከሚስቴ ወንበር ላይ ተነስ!»

ሩበን ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየጠበበ መጣ። ምዕራቦቹ መልስ ፈለጉ። ማኅበሩ የሚወስንበት የመጨረሻ ስብሰባም ደረሰ። ማርኒ ሱቄ ገብታ ፍሪጁን ተደግፋ አለቀሰች።

«ግሌኒስ፣ እወደዋለሁ። አባቴን ብቻውን ጥዬ አልሄድም፤ ሩበንን ደግሞ ሂድ ማለት አቃተኝ።»

በስብሰባው ዕለት ከሰዓት በኋላ ኬልቪንን ብቻውን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ትኩስ ዓሣ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤለት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከፊታችን የሱቄ መስታወት አለ፤ መስታወቱ ውስጥ ባሕሩ ይታያል።

«‹ባሕር ትወድ ነበር› ብለህ ነሐሱ ላይ አስጻፍክባት» አልኩት። «ጀልባ በረገጠች ቁጥር የምታስመልሰዋን ኖሪንን!»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ቦታ ላይ ተቀምጣ ምን ታይ ነበር?»

«አንተን ነዋ! ጀልባህ ወደቡ መግቢያ ላይ ብቅ ሲል መስኮቴን ታንኳኳና ‹በይ አሁን ጥበሺ› ትለኛለች። ከዚያ በፊት አንድ ቺፕስ አትቀምስም ነበር።»

ኬልቪን ዓሣውን ሳይቀምስ ያዘው። ዓይኑ ቀላ፤ እኔም ወደ ሌላ አየሁለት።

«ልጅህም እንደሷ ናት» አልኩት። «ግን አውሮፕላን ተሳፍሮ ምዕራብ የሄደ ሰው ከዚህ ወንበር ላይ አይታይም።»

ያን ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኬልቪን ተነስቶ ወደ ነፋስ ማመንጫው ኩባንያ ሰዎች ዞረ።

«ማማዎቹ የት እንደሚቆሙ ሲወሰን ዓሣ አጥማጁ አብሮ ይቀመጣል። የባሕር ወፎቹን ደኅንነት የሚከታተሉትም ይሰማሉ። ሥራው ለዚህ አገርና ለሸለቆው ልጆች ይሰጣል። ይህን ካደረጋችሁ እደግፋለሁ። ካታለላችሁን ግን መጀመሪያ የምታገኙት እኔን ነው።»

የዓሣ አጥማጆቹ እጆች አንድ በአንድ ወጡ። ሁሉም አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ግን ወጡ። ሩበን ያኔውኑ ከደጅ ቆሞ ወደ ምዕራብ ደወለና አልመጣም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ኬልቪን መፍቻውን ይዞ መጣ፤ ሩበንም ተከትሎታል። ብሎኖቹ ከወዲሁ በጨው ዝገዋል። ሁለቱ እየተሰዳደቡ ፈቱ፣ አዞሩ፣ አሰሩ።

«ጽሑፉ ይቀየር እንዴ?» አለ ሩበን።

«ተወው፤ ብታየው ትስቅበት ነበር።» ከዚያ ኬልቪን ወደ ልጁ ዞረ። «ማርኒ፣ ቁጭ በይ እስቲ።»

«ለምን?»

«የወደቡ መግቢያ ከዚያ ይታይሽ እንደሆነ ንገሪኝ።»

ማርኒ ተቀመጠች። አየች። አባቷን አንገቱን አቅፋ ሳመችው።

ማማዎቹ ገና አልቆሙም፤ የጋብቻቸው ኬክ ግን ተበልቶ አልቋል። ሩበን ባሕሩን ከሚያጠኑት ሰዎች ጋር በጀልባ ይወጣል፤ አንዳንዴም ኬልቪን መንገድ ሊያሳያቸው አብሮ ይሄዳል። ማርኒ አውቶቡሷን አቁማ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። ቺፕስ ላምጣልሽ ብላት እምቢ ትለኛለች።

ትናንት ማታ ዘይቱ ፊት ቆሜ ሳለሁ መስኮቴ ተንኳኳ። ዞር ሳልል ነው ዓሣውን ዘይቱ ውስጥ የጨመርኩት።

«በይ አሁን ጥበሺ!» አለችኝ ማርኒ።