የተቀደደው ፊልትሮ

ሙት ሰው የዘይት ፊልትሮ ይፈታል? እስቲ መልሱ! ቅዳሜ ጠዋት መካኒኩ ዴስ ትሬጊር ጋራዡ ወለል ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ ከኮርናላ ከተማ ሰው አንድ እንኳ ይህን የጠየቀ የለም። መጠጥ ቤቱ ግን እኩለ ቀን ሳይሞላ ፈርዶ ጨርሷል፦ ገዳይዋ ሚስቱ መርል ናት!

ሳጅን ብሮንዊን ፔክ ይህን ፍርድ የሰማችው ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ነው። ደሟ ፈላ። የጭነት መኪና መካኒክ ልጅ ናት፤ የመኪና ኮፈን ሳይከፍት ስለ ሞተር የሚያወራ ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ ያናድዳታል።

ዴስ ከበርጩማው በጎኑ ወድቋል። ከፊቱ ሞተሯን ሊያድስ ስድስት ወር የለፋባት አሮጌ የሆልደን መኪና ቆማለች፤ ሞተሯ ጠፍቷል። በዚያ አገር ሐምሌ የውርጭ ወር ስለሆነ በሩን ዘግቶ ነበር የሚሠራው። የመኪናዋን ጭስ ወፍራም የጎማ ቱቦ ተቀብሎ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጓሮ ያወጣዋል። ብሮንዊን ጓሮ ካለው የቱቦው አፍ ላይ የጆንያ ክር ለቀመች። ጆንያው ራሱ በመርል ዶሮ ቤት ደጃፍ ተጥሎ ተገኘ፤ መሃሉ በጥላሸት ጠቁሯል።

«የገደለው ጭስ ነው» አለ ሐኪሙ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ።»

ቀጥላ የሥራ ጠረጴዛውን አየች። ፊልትሮው ተፈቷል፤ ቆርቆሮው እንደ ሰርዲን ጣሳ ተቀዶ፣ የውስጡ ወረቀት መብራት ሥር ተዘርግቷል። የሟቹን እጆች ገልብጣ አየች። ንጹሕ ናቸው፤ ጥፍሩ ሥር እንኳ የዘይት ጠብታ የለም። ፊልትሮውን ከረጢት ውስጥ ከትታ መኪናዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ለማንም አልተናገረችም።

መርልን ወጥ ቤቷ ውስጥ አገኘቻት። ዐይኗ አብጧል፤ ምላሷ ግን ስለቱን አልጣለም።

«ትቀኚ ነበር ይሉሻል።»

«እቀና ነበር እንጂ! ስድስት ወር ሙሉ ያንን ብረት ሲዳብስ እያመሸ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ያንኮራፋል። ሴት ብትሆንበት ፀጉሯን እነጭ ነበር። ብረት ምኑ ይነጫል?»

«ዛሬ ጠዋት ሲያስነሳው ሰማሽ?»

«ማን የማይሰማ አለ! እያገሳ ቆየና ጭጭ አለ። ሬዲዮኑን ልከፍት ስል ተነሳ፤ የሃያ ደቂቃው ፕሮግራም ሲያልቅ ጠፋ። ኋላ ሻይ ይዤለት ብሄድ…» መጨረስ አልቻለችም።

የመኪናዋ ባለቤት ክላይቭ ሃሴት በግ አርቢ ነው። እሑድ በከተማው የአሮጌ መኪኖች ሰልፍ ላይ ሊነዳት ነበር።

«ትነሳለች ወይ፣ ብሮን?»

«ሰው ሞቶ ስለ መኪና?»

«ዴስንም እወደው ነበር። ግን አንቺስ ብትሆኚ አትጠይቂም?»

«እሺ ንገረኝ፤ የታደሰ ሞተር መጀመሪያ ሲነሳ ምን ይደረጋል?»

«ምን ይደረጋል ደግሞ! ነዳጅ ሳልሰጥ በሚኒሞ ትቼው ቁርሴን እበላለሁ።»

ብሮንዊን ሳታስበው ሳቀች። «እንኳንም አልነካሃት።»

የቀረው ኖል ብራንድት ነው። ዴስን ሙያ ያስተማረው፣ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ ሰው ነው። አሁን ከመንገዱ ማዶ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ ዝንብ እሽ ይላል።

«መርልን የወነጀልካት አንተ ነህ አሉ።»

«እውነት ተናገርኩ። በቅናት አብዳ ነበር።»

«አንተስ አትቀናም?»

«በማን? ስፓና አያያዝ ባሳየሁት ልጅ?» ፊቱ ቀላ። «ከተማው ሁሉ ዴስ፣ ዴስ! ይሁና፣ እጁ ወርቅ ነው እንበል። ሞተሩ አንዲት የብረት ብናኝ እንኳ አልጣለም። ታዲያ ምን ጠቀመው? ሞተ!»

ብሮንዊን ማስታወሻዋን ቀስ ብላ ዘጋች።

እሑድ ሰልፉ ቀረና ሰዉ መጠጥ ቤት ተሰበሰበ። ሳጅኗ መርልን፣ ክላይቭንና ኖልን ባንኮኒው ፊት አቁማ ከረጢቱን አስቀመጠች።

«ጆንያ ቱቦ ውስጥ ወትፎ ጭሱን ወደ ጋራዡ መመለስ ሙያ አይጠይቅም» ብላ ጀመረች። «ዴስ ከሞተሩ አጠገብ እንደማይነሳ ማወቅ ግን ይጠይቃል። የታደሰ ሞተር እንደ ፈረስ ውርንጭላ ይገራል። መጀመሪያ ሲነሳ ሃያ ደቂቃ በሁለት ሺህ ዙር ይያዛል፤ በሚኒሞ ከተተወ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ይበላል። ራሱን ቢያዞረውም ዴስ ያንን ሃያ ደቂቃ አይጥልም። ገዳዩ ይህን ያውቃል። ክላይቭ አያውቅም።»

«አላውቅም!» አለ ክላይቭ፤ በዕድሜው አንዴ በአላዋቂነቱ ኮራ።

«ሞተሩ ልክ በሃያ ደቂቃው ጠፋ። ማን አጠፋው? ዴስ ወድቋል። መርል ከሆነች፣ ያንን ብረት ለምን ታድነዋለች? እስኪቃጠል ትተወው ነበር።»

«እንዴታ!» አለች መርል እንባዋን እየጠረገች።

«ሰውየውን የገደለ እጅ በሞተሩ ላይ መጨከን አልቻለም፤ የሙያ ልማድ ነው። ከዚያ ቸኩሎ እንደ መሸሽ፣ ጭሱን በበሩ አስወጥቶ፣ ሬሳውን ተሻግሮ ፊልትሮውን ቀደደ። የታደሰ ሞተር በዚያ ሃያ ደቂቃ የጣለው ብረት እዚያ ይጠራቀማል። ብናኝ ከሞላው ሥራው ብላሽ ነው። ገዳዩ ብናኝ ለማግኘት እየተመኘ ነበር የቀደደው!»

ወረቀቱን ዘረጋችው። ንጹሕ ነበር።

ኖል ብርጭቆውን ፈለገ፤ አጠገቡ አልነበረም።

«ይህን ሞተር ከቅዳሜ ጠዋት በፊት ያስነሳው የለም። ፊልትሮው ከዚያው ጠዋት ጀምሮ እኔ መኪና ውስጥ ተቆልፎበታል። ኖል፣ አንዲት ብናኝ እንዳልጣለ ነገርከኝ። የዴስ እጅ የተዋጣለት መሆኑን ማመን አንገብግቦህ አመለጠህ።»

«እኔ… እንዲያው በግምት…»

«በግምት?» ባንኮኒውን በጡጫ መታችው። «ይህችን ሴት በባሏ ሬሳ ላይ ነፍሰ ገዳይ ያልካት እዚሁ ቆመህ፣ በእነዚሁ ሰዎች ፊት ነው። በእነዚሁ ሰዎች ፊት መልስ! ፊልትሮውን መቼ አየኸው?»