የሱብሂ ውሃ

ሐጂ በሺር የሞቱት በገዛ መታጠቢያ ቤታቸው፣ ለሶላት ታጥበው ውዱእ ከሚያደርጉበት በርጩማ ላይ ወድቀው ነው። ከማጅራታቸው እስከ ወገባቸው ቆዳቸው ተልጧል። አንድ ጎናቸው ሽባ ስለነበር መሸሽ እንኳ አልቻሉም።

የደሴ ፖሊስ ኢንስፔክተር አልታየች ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ ገዳዩ ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው ተባለ። ማሞቂያው ጥቁር ቀለም የተቀባ በርሜል ነው፤ መስታወት በለበሰ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይውልና ውሃውን በቧንቧ ያወርዳል። የሠራው ምንይሉ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ሱቁ በድንጋይ ተሰባብሮ፣ እሱም እጁ በካቴና ታስሯል። የሰው ችኮላ አልታየችን አንገሸገሻት።

ሬሳውን ያገኘው ልጃቸው ሂሻም ነው። ኑሮው ኮምቦልቻ ነው። አባቷን የምታስታምመው እህቱ ሱሀይላ ለለቅሶ ሐርቡ ወርዳ ስለነበር በእሷ ፋንታ አደረ። ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሏል።

«እስቲ ንገረኝ» አለችው።

«ንጋት ላይ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ብቻቸውን ገቡ። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ቧንቧው ተከፍቶ እንፋሎት ይተፋል። ስዘጋው እጄን ላጠኝ፣ ወላሂ! ኮምቦልቻ እኔም ቤት እንዲህ ያለ በርሜል አለ፤ እንደጋለ ነው የሚያድር። ይኼ የሠራው ሰውዬ ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቧንቧ እንኳ አላደረገለትም።»

አልታየች ጎንበስ ብላ ቧንቧውን አየች። ሽማግሌው ቁጭ ብለው እንዲታጠቡበት ከጉልበት በታች ነው የተተከለው።

ምንይሉን ታስሮ ባለበት አነጋገረችው።

«ጌታ ምስክሬ ነው፣ ኢንስፔክተር! ሐጂ ሊሞቱ በዋዜማው ቀኑን ሙሉ ጉም ነበር። በየት ፀሐይ ይፈላል?»

«ይኸን አልተናገርህም?»

«ድንጋይ ለሚወረውር ሰው ምን ብዬ ላስረዳ? ሦስት ልጆች አሉኝ። እዚህ ከቀረሁ ማን ያበላቸዋል?»

ሱሀይላ ከለቀስተኞቹ መሀል ድምጿ ተዘግቶ ተቀምጣለች።

«አባትሽን ለሱብሂ በምን ውሃ ነበር ውዱእ የምታስደርጊያቸው?»

«በጋዝ ምድጃ አሙቄ ነዋ። የበርሜሉ ውሃ እስከ ረፋድ በረዶ ነው።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ? አልቅሺ ነው ያሉኝ።» እንባዋን ጠረገች። «አባባ ስላስታመምኋቸው ቤቱን ሊሰጡኝ፣ ለጁምዓ ሽማግሌ ጠርተው ነበር። ሂሻም ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የጦሳ ተራራ ዛሬም ጉሙን ተከናንቧል። አልታየች ወንድምና እህቱን፣ ካቴና ያጠለቀውን ምንይሉንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰበሰበች። ቧንቧውን ከፈተችው።

«ሂሻም፣ እጅህን ዘርጋ።»

ሂሻም ወደ ኋላ ሸሸ። ሱሀይላ ግን ሳታመነታ ሁለት እጇን ከውሃው ሥር አስገባች።

«በረዶ ነው» አለች።

«ሐጂ የተቃጠሉት ከማጅራታቸው ቁልቁል ነው» አለች አልታየች። «ቧንቧው ደግሞ ከጉልበት በታች ነው። ውሃ ሽቅብ አይፈስም፤ ከላይ ያፈሰሰባቸው ሰው አለ። ያ ንጋትም እንደዛሬው ጉም ነበር፣ የበርሜሉ ውሃም እንደዛሬው ቀዝቃዛ። ታዲያ ቀዝቃዛ ውሃ እጅህን እንዴት ላጠህ? የላጠህ ከምድጃ ያነሳኸው ድስት ነው። የእምዬን ወደ አብዬ አድርገህ በበርሜሉ አሳበብህ። ኮምቦልቻ ቢሆን አምንህ ነበር፤ እዚያ ሌሊቱም ይሞቃል። ደሴ አድሮ የሚነጋለት ሰው ግን ይኸን ውሸት አይዋሽም።»

ሂሻም ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

ሱሀይላ ከፊቱ ቆመች። «አባባ ምን አሉህ?»

«ተይኝ።»

«ምን አሉህ?!»

«ውሃው ሲንተከተክ ሰሙና… ‹ለውዱኤ ነው ልጄ? አላህ ይውደድህ› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

ሱሀይላ የደረቀ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አልታየች ሥራዋን ጠላችው።

ካቴናው ከምንይሉ እጅ ወጥቶ ሂሻም እጅ ገባ። ምንይሉ ሱሀይላን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሏት ወጣ። ደጅ ላይ ሱቁን የሰበሩት ሰዎች መንገድ ለቀቁለት፤ አንዳንዱም አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ያለው ግን አንድም አልነበረም።